ከቆጥ የወረደው ኮምፒውተር

የልሳኑ እናት ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ተኝታ እንዲያገኟት አትፈልግም። ፀሐይ ወጥታ ማንም ካልመጣ፣ "ዛሬም ልጄ ደህና ነው" ትልና ቁርሷን ትጠይቃለች። ትልቁ ልጇ ሙሉነህ በ1981 ዓ.ም. ጦር ግንባር ሄዶ የቀረ ነው። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ የለም፤ እሷም አንዲት ቀን አልቅሳ አታውቅም።

ልሳኑ ግን ወንድሙ እንደሞተ ልቡ ነግሮታል። ደሴ ውስጥ በሚኖሩባት አሮጌ ቤት የፊተኛው ክፍል ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሚስትም ልጅም የለውም፣ ያለችው እናቱ ናት። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ፣ "ልባቸው ደክሟል፣ ወር መሙላታቸውንም እንጃ" ብሎታል። ልሳኑን ያስጨነቀው ሞቷ አልነበረም፤ ዕድሜ ልኳን ያፈነችውን እንባ እንዳፈነችው መቀበሯ ነው እንቅልፍ የነሳው። አንዲት ማስረጃ ቢያገኝ መርዶውን ራሱ ይነግራት ነበር።

ለዚህ ነው ሰኞ ጠዋት ቆጥ ላይ ወጥቶ የሙሉነህን ኮምፒውተር ያወረደው። ሙሉነህ ቡልጋሪያ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ነው፤ የራሱ ስክሪን የሌለው፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የተሠራ፣ በአንቴና ገመድ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ የተጻፈበትን ሁሉ በተራ ካሴት ላይ የሚያስቀምጥ ሣጥን። አብሮት አንድ ካሴት ነበር፤ ላዩ ላይ በሙሉነህ እጅ "ለልሳኑ" ተብሎ ተጽፏል። የያኔው ቴሌቪዥናቸው በዚያው ሰሞን ስለተቃጠለ ካሴቱ ላይ ያለውን ማንም አላየውም፤ የስንብት ቃል ቢሆንስ ብሎ ልሳኑም እስከ ዛሬ ሊከፍተው አልደፈረም።

ጎረቤቱ ጋሽ ይመር በበሩ ሲያልፉ አይተው ሳቁ።

"የሰው ቴሌቪዥን ተደርድሮ ይሄን ትነካካለህ? የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል!"

"አንዴ ልየው ብዬ ነው ጋሼ።"

የዛሬዎቹ ስስ ቴሌቪዥኖች አሮጌ ነገር ይንቃሉ። ገመዱን ሲሰካው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና "ሲግናል የለም" አለ። የዛገውን ጫፍ ፋቀ፣ አዲስ መሰኪያ በየደው፣ ከዚያም ቴሌቪዥኑ በራሱ መፈለግ ስላቃተው በሪሞቱ አንድ በአንድ እየገፋ ቻናሉን ይፈልግ ጀመር። ሣጥኑ እየጋለ ሲሄድ መጀመሪያ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ ቆይቶ ግን የሚሸተው አፈር ሆነ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ገና የወጣ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ እርጥብ አፈር። ልሳኑ ጣሪያው አንጠባጥቦ ይሆናል ብሎ ቀና አለ። ጣሪያው ደረቅ ነበር።

በመጨረሻ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ካሴቱን ከሣጥኑ ጋር ባገናኘው ቴፕ ከፈተው። የካሴቱ ድምፅ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ጩኸት ነው፤ አንዳንዴ እንደ ዝንብ ጥዝዝ ይላል፣ መልሶ ይቀጥናል።

እናቱ ከውስጥ ክፍል፣ "ልሳኑ፣ ማነው እንዲህ የሚጮኸው?" አለች።

"ማሽን ነው እማዬ።"

"ማሽን ትንፋሽ ይወስዳል እንዴ?"

ጆሮውን ጣል አደረገ። በእያንዳንዱ ጩኸት መሀል አየር ሲሳብ ይሰማል። ካሴቱ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ጩኸቱ ግን አልቆመም፤ ትንሽ ቆየና፣ ሰው ሲደክመው እንደሚያደርገው፣ ቀስ እያለ ዝም አለ።

ስክሪኑ ላይ ስሙ በፈረንጅ ፊደል ወጣ። ልሳኑ። ሌላ ምንም የለም።

ያላዩት ሰው ሲጠራ፣ የሚጠራው ሙት ሊሆን ስለሚችል፣ እስከ ሦስተኛው አቤት እንደማይባል ደሴ ውስጥ ሕፃንም ያውቃል። ልሳኑም ያውቃል። ግን ታላቅ ወንድሙ ሲጠራው ከዘገየ ኩርኩም እየቀመሰ ያደገ ልጅ ነበር፤ ጣቶቹ ሳያማክሩት "አቤት" ብለው ጻፉ።

"ሸብተሃል" አለ ስክሪኑ።

 ልሳኑ የፈለገው ቃል ደጃፉ ላይ ቆሟልና ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ፣ "ሞተሃል ወይ? ለእማዬ መርዶ ልንገራት?" ብሎ ጻፈ።

ነጥቧ ብዙ ጊዜ ብልጭ ድርግም አለች።

"አትድከም፣ እኔ እነግራታለሁ።"

ገመዱን ነቀለው። ጽሑፉ አልጠፋም። ሶኬቱንም ነቀለ፤ ጽሑፉ ያኔ ጠፋና ጥቁሩ ስክሪን እንደ መስታወት ክፍሉን ከነሣጥኑ ከነሽቦው መልሶ አሳየው። መስታወቱ ውስጥ እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ላይ አንድ ሰው ተነሳ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። ልሳኑ ግን እንደተቀመጠ ነበር።

ከውስጥ የእናቱ ዋይታ ተሰማ። ሠላሳ አምስት ዓመት የተጠራቀመ ዋይታ ነውና ቤቱን አንቀጠቀጠው፤ ልሳኑም በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል እፎይ አለ፣ ዓይኑም እንባ ሞላ። አለቀሰችለት፤ ሳታለቅስ አልሞተችም። ሮጦ ገባ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን ትደቃለች። "ልሳኑዬ! የሆዴ መጨረሻ፣ ልሳኑዬ!"

"እማዬ፣ እዚህ ነኝ! እኔ ነኝ!"

ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። እጇን ያዘ፤ እጇ ግን እንዳልተያዘ ሆኖ ደረቷን መድቃቱን ቀጠለ። ብዙ ጮኸ። ሲደክማት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና፣ በልሳኑ ትከሻ አሻግራ ሽቅብ እያየች፣ "ልሳኑን ሠላሳ አምስት ዓመት ስጠብቅ አንተ አጠገቤ ባትኖር ኖሮ፣ ሙሉነህዬ፣ ማን ይቀብረኝ ነበር?" አለች።