ያልታጠበው የእንግዴ ልጅ

ዶክተር ዙልማ አርኮሊ ንጋት ላይ በጥናት ክፍሏ ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታ ተገኘች። ከኋላዋ በድንጋይ ተመታለች። የክሊኒኩ ግቢ በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር። ከእሷ ሌላ በግቢው ያደሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አዋላጇ እማማ ባሲሊያ፣ የዶክተሯ ረዳት ራሚሮ፣ ትናንት የወለደችው ኔሜሲያና ባሏ ሴቬሮ።

ዶክተሯ በቺያርፓታ ደጋ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን የደም ግፊት ለምን እንደሚጥላቸው ታጠና ነበር። ለዚህም የእንግዴ ልጁን መርምራ እንዲቀብረው ለአባትየው ትመልሳለች። የኔሜሲያን ግን ገና አልመለሰችም ነበር። ማታ ሴቬሮ በሯ ላይ ቆሞ ሲጮህ ሁሉም ሰምቷል።

ኢንስፔክተር ፕሪሚቲቫ ኮልኬ ስትደርስ ፖሊሶች ሴቬሮን በካቴና አስረውታል። በመስኮቱ ስር፣ ፀሐይ በሚመታው ሜዳ ላይ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር ነበር። የኮካ ቅጠል ተበትኖበታል።

«ምን ይመረመራል እመቤቴ?» አለ ራሚሮ። ከከተማ የመጣ፣ ጋዋኑ የነጣ ሰው ነው። «ሰውዬው የእንግዴ ልጁን ሰርቆ ቀበረ፤ ስትይዘው ገደላት። እነዚህ ሰዎች በዚህ ነገር አይቀልዱም።»

«አይቀልዱም።»

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ አፈሩን ጫረች። የእንግዴ ልጁ እንዳይበላሽ የተነከረበት መድኃኒት ሽታ አፍንጫዋን መታው። ደሙም እንደረጋበት ነው። መልሳ ሸፈነችው።

«አንተ ነህ?» አለችው ሴቬሮን።

«ጮህኩ እንጂ አልነካኋትም። እሺ፣ ልታሰር። ሚስቴ ግን ራሷን እያመማት ነው። ማን አላት?»

«አንተ! እኔ ቆሜ ማን አላት ትላለህ?» አሉ እማማ ባሲሊያ።

ኔሜሲያ አራስ ክፍሉ ውስጥ ዓይኖቿን በሻርፕ ሸፍና ተኝታለች።

«ምን ይሰማሻል እህቴ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ብርሃኑ ይወጋኛል። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል።»

«የእንግዴ ልጇ ሳይታጠብ ስለተቀበረ ነው» አሉ እማማ። «ግፊቷ ደህና ነው፤ ራሚሮ ማለዳ ለክቶ ጽፏል።»

«ክንድሽን ገልጦ ለካሽ?»

«ኧረ ማን ነክቶኝ! አራት ሹራብ እንደደረብኩ ነው ያለሁት።»

ኢንስፔክተሯ ፈጥና ወጣች። ከዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡንና የግፊት መለኪያውን ይዛ ተመለሰች። ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እማማ፣ ሹራቧን ያውልቁላት። ይለኳት።»

«ተለክታለች እኮ!» አለ ራሚሮ።

የመጀመሪያው ሹራብ ወጣ።

«የዚህ አገር አባት» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «የእንግዴ ልጁን ውኃው እስኪጠራ ድረስ ያጥባል። በገዛ ቤቱ ደጅ፣ ጥላ ሥር ይቀብረዋል፤ የኮካ ቅጠል ይበትንበታል። ካልሆነ እናትየው ትታመማለች ይላል። ይሄ ግን ሳይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ፣ በሰው ግቢ ተቀብሯል። ሴቬሮ ለዚህ ብሎ ሰው ገድሎ፣ መልሶ ሚስቱን ያሳምማል?»

«ሞቼ ነው!» አለ ሴቬሮ።

«እማማም አያደርጉትም።»

«ስንቱን አባት ያሳጠብኩ ሴት!» አሉ እማማ፣ ሁለተኛውን ሹራብ እየጎተቱ።

«ኔሜሲያ ከአልጋ አልወረደችም። እጥበቱ ቤት ውስጥ ነው፤ እንግዳ አያየውም። እንግዳ የሚያየው ደጅ ላይ ቅጠል ሲበተን ነው። ቅጠሉን አይቶ እጥበቱን ያላየ አንድ ሰው ቀረ።»

ራሚሮ ሳቀ። «በቅጠል ልታስሪኝ ነው? ለምን ብዬ እገድላታለሁ?»

ሦስተኛው ሹራብ እጅጌው ላይ ተያዘ። እማማ በጥርሳቸው ፈቱት።

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ገለጠች። «ዶክተሯ የለካችው 113፣ 127፣ 98 ይላል። መሣሪያው ያገኘውን ነው የሚያሳየው። አንተ የጻፍከው ግን ገጹን ሙሉ 110፣ 120፣ 110 ነው፤ ሁሉም በዜሮ ያልቃል፣ ሳይለካ የተጻፈ ነው። ዜሮዎቹን በቀይ አክብባቸዋለች። ኔሜሲያም ክንዷ ሳይገለጥ 110 ተብላለች። ዶክተሯ ደርሳብሃለች።»

ራሚሮ ሴቬሮን አየ፤ ፖሊሶቹን አየ። ሳቁ ጠፋ።

«አንዷን ከሹራብ ማላቀቅ ሩብ ሰዓት ነው!» ብሎ ጮኸ። «በቀን ሠላሳ ሴት! አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ደህና ናቸው አልኳት። አልሰማ አለችኝ፤ ስሜን ልታጠፋው ነበር።»

አራተኛው ሹራብ ወጣ። መለኪያው ክንዷን አጠበቀ፣ ለቀቀ።

«መቶ ሰባ ሁለት» አሉ እማማ ባሲሊያ። ዶክተሯ ለእንዲህ ዓይነቷ የምትሰጠውን መርፌ ከቁም ሳጥኑ አወጡና ወጓት።

ካቴናው ከሴቬሮ እጅ ወጥቶ ራሚሮ እጅ ላይ ገባ። ኔሜሲያን ከነሕፃኗ በፖሊስ መኪና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጫኗት። ሴቬሮ ራሷን ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ዓይኗን ገልጣ ስሙን ጠራችው።

እማማ ወደ ራሚሮ ዞሩ።

«ሌሎቹስ? ክንዳቸውን ያልገለጥከው ስንት ናቸው?»

«አላውቅም።»

አሮጊቷ መለኪያውን በሻርፓቸው ጠቅልለው በጀርባቸው አሰሩና ሌሎቹን ሊለኩ ወደ መጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር ቤት መንገድ ጀመሩ።