የአራተኛው ቀን ደም

አዲሱ ነርስ ልዑልቃል ክሊኒኩ አልጋ ላይ ሞቶ የተገኘው፣ ከደጋው ደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአውሮፕላን ጋምቤላ በገባ በአራተኛ ቀኑ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበርና ባለሙያ እንደ ብርቅ ይታያል። ደሙን መርምራ «ወባ የለበትም» ብላ የጻፈችው የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ አቻን ናት። ለቁጥጥር ተብሎ ሳጥን ውስጥ በተቆለፈበት የደሙ መስታወት፣ ስላይዱ ላይ ግን ወባ ሞልቶ ተገኘ። ደጅ የቆመው ሕዝብ «አስገደለችው!» እያለ ይጮኻል።

«እታሰራለሁ?» አለች አቻን። «ሁለት ጊዜ አየሁት። ምንም የለም ነበር።»

ሞቱን ልትመረምር የመጣችው ሃምሳ አለቃ ሽታዬ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት የወባ ደም ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ሙዝ የሚመስሉ ተሕዋስያን! ቀና ስትል እሷም ፈርታ ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው፣ አቻን፣ ነርሷና የክሊኒኩ አለቃ ዘንድ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ነፍሰ ገዳይ ነው።

ነርሷን እታገኝን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«ራሴን አመመኝ ሲል ደሙን ወሰድኩለት። ነጻ ሲባል፣ አለቃችን አቶ ረታ ‹ሙቀቱ ነው› ብለው ራሳቸው መርፌ ወጉት።»

«ይተዋወቁ ነበር?»

እታገኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልዑልቃል ‹ግድግዳው ላይ ባለው የአለቃችሁ ዲፕሎማ የተጻፈው ስም የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ሰውየው ግን እሱ አይደለም› ብሎኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

ሽታዬ ሦስቱንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«አቶ ረታ፣ ትንኟ ስትነክስ ተሕዋሲው መጀመሪያ የት ይገባል?»

«ደም ውስጥ ነዋ! ቅዳሜ ነከሰችው፣ ማክሰኞ ገደለው።»

አቻንና እታገኝ ተያዩ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይህ ነው።

«ጉበት» አለች አቻን ቀስ ብላ።

«ጉበት» አለች ሽታዬም። «እዚያ ሳምንት ያህል ተደብቆ ይራባል። ከዚያ ነው ደም ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያሳምመው። ሙዝ መሳዮቹ ሌላ ትንኝ እስክትወስዳቸው የሚጠብቁት ናቸው፤ ለመብሰል ዐሥር ቀን ያህል ይፈጃሉ። በትንኟ ሆድ ተራክበው ምራቋ እስኪደርሱም እንደገና ሌላ ያን ያህል። ደጋ የኖረ ሰው በአራት ቀን ከየት ያመጣቸዋል? ይህ ደም የሌላ በሽተኛ ነው። አቻን ብትቀይረው ራሷን ታሳስር ነበር? እታገኝም እሷም ሙዝ መሳዩ በአራት ቀን እንደማይመጣ ያውቃሉ። ከሳጥኑ ወባ የበዛበትን ስላይድ መርጦ የመዘዘው ትምህርቱን ያልተማረ ሰው ነው። መርፌው ውስጥ ምን ነበር፣ አቶ ረታ?»

ረታ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ዲፕሎማው የእኔ እንዳልሆነ አውቆ ሊያጋልጠኝ ነበር» አለ።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሕዝቡ ሁሉን ሰማ። ያን ጊዜ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወጋቸው የኖረው ማን ነበር? ትኩሳት ያለባቸው እንኳ ጣታቸውን ጨብጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አቻን ለምርመራ ጣት የምትወጋበትን መርፌዋን ይዛ በሩ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ እንባዋ ይወርዳል።

ሽታዬ እጅጌዋን ሰብስባ ሁሉም እያያት ጣቷን ዘረጋችላት።