ማንም ያልነፋው ጡሩምባ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከማፌዝ በቀር ሥራ የሌለኝ ሰው ነበርኩ፣ ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩ፣ ግጥም የምሞክር፣ ጋኔን እንኳ በዚህ ሰፈር ጫጫታ እንቅልፍ አጥቶ ለቆ ሄዷል ብዬ የምቀልድ፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ ወድጄ አይደለም፣ አየሁት፣ ማለቴ ሰማሁት።

ዶክተር ሰብለ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ናት። ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥ አድራ እሁድ ከሰዓት የእድራችን አዳራሽ ትመጣለች፣ ማንም ሳይከፍላት፣ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ምን እንደሚደረግለት፣ ምግብ ያነቀው ልጅ ጀርባው እንዴት እንደሚመታ ታስተምረናለች። በሽተኛው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ ቀጭን ስለሆንኩ ለማገላበጥ እመቻለሁ።

"ይሄ ልጅ አፉን የሚዘጋው እዚህ ሲተኛ ብቻ ነው" ይላል ጋሽ ታደሰ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞረ ነፍቶ የሟቹን ስም የሚጠራው እሱ ነው።

አንድ የክረምት እሁድ እንደ ልማዴ ወለሉ ላይ ተዘርሬ፣ ዶክተሯ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ እያስረዳች ሳለ፣ ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናቡን ሰንጥቆ የመጣ ድምፅ። ሁላችንም ወደ ጋሽ ታደሰ ዞርን፣ እመነኝ፣ ሰውየው ፊታችን ቁጭ ብሏል፣ ጡሩምባው ጭኑ ላይ ነው።

"የሌላ እድር ይሆናላ፣ ኡራኤል በኩል" አለ አንዱ።

"የገዛ ጡሩምባዬ ድምፅ ይጠፋኛል?" አለ ጋሽ ታደሰ።

ደግሞ ተነፋ። ዶክተሯ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ እኛም ተከተልናት፣ ሴቶቹ መቼም ልማድ ነው፣ እየሮጡ ነጠላቸውን ለልቅሶ አዘቀዘቁ። ዶክተሯ ጠባቡን መንገድ ታጥፋ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ እማማ ዘነበች በር ላይ ቆመች። እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ብናንኳኳ መልስ የለም፣ በሩን በትከሻ ገነጠልነው።

እማማ አልጋቸው ሥር ወድቀዋል፣ ሰውነታቸው በርዷል። አንዷ ለቅሶዋን ለቀቀችው፣ ጎረምሶቹ ድንኳን ሊያመጡ ሮጡ፣ ለልቅሶ ማን ይቀድመናል፣ ጋሽ ታደሰም ኮፍያውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" አለ።

"ዝም በሉ" አለች ዶክተሯ፣ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠግታ። "ይተነፍሳሉ። ስኳራቸው ወርዶ ነው። አንተ፣ ክንዳቸውን ያዝልኝ።"

ያዝኩ። የደም ሥራቸው አልገኝ አለ፣ አንዴ ሳተች፣ ደግማ ወጋች፣ ገባ፣ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ግሉኮስ ቀስ እያለች ሰጠቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

መጀመሪያ ጣታቸው እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አዩና "ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

"እርስዎ ነበሩ" አለ ጋሽ ታደሰ።

"እኔማ አለሁ። በሬን ምን አረጋችሁት?"

እልልታው ቀለጠ። ድንኳኑን ተሸክመው የደረሱት ጎረምሶች ነገሩ ሲገባቸው እዚያው ጭቃው ላይ ጥለውት ጨፈሩ፣ እኔም ጨፈርኩ፣ ሞት መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ በዓይኔ ያየሁ ነው የመሰለኝ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ጋሽ ታደሰ ዶክተሯን ጠጋ አላት።

"ዶክተርዬ፣ ቤታቸውን በምን አወቅሽው? መጥተሽበት አታውቂም እኮ።"

"ከጡሩምባው በኋላ ስም ጠራ አይደል እንዴ? ስም የጠራው ሰውዬ ራሱ ጠቁሞኝ ነው የመጣሁት፣ በዚህ በኩል እያለ። አልሰማችሁም?"

ተያየን። ማናችንም ስም አልሰማንም፣ ሰውም አላየንም።

"ስንት ስም ጠራ?" አለ ጋሽ ታደሰ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሁለት።"

ሁለተኛውን ብንለምናት አልነገረችንም። "አንዱን ቀምተነዋል፣ ሌላውንም እንቀማዋለን" አለችና ትምህርቷን ካቆመችበት ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ የሁላችንንም የደም ግፊት ትለካለች፣ ከሁሉም ጋር እየቀለደች፣ እየሳቀች። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ሳቋን ታቆማለች፣ ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ ትቆያለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።