በደንገሉ ሥር የተጣጠፈው ልብስ

እሑድ ቀትር ላይ ዓሣ አስጋሪዎች የመምህር ወልደ ሐዋርያትን አስከሬን ከጣና ጎትተው አወጡ። ልብሳቸው ደንገሉ ሥር በወጉ ተጣጥፎ ተገኘ። ሊዋኙ ገብተው ሰጠሙ ተባለ።

መምህር ከአብዮቱ በፊት ከጓደኞቻቸው ጋር አጋር የተባለውን የበጎ አድራጎት ክበብ የመሠረቱ ሰው ናቸው። ክበቡ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ የድኻ ተማሪ ሲያለብስ ኖሮ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባሕር ዳር ለደረሱ ረኃብተኞች ገንፎ ያበላ ነበር። ሃምሳ አለቃ ገብረ ኪዳን ለምርመራ ክበቡ ግቢ እንደ ደረሰ የቀበሌው ካድሬ በጆሮው፣ «ግድያ ከሆነ ክበቡን ዛሬውኑ አሽገዋለሁ» አለው። ሃምሳ አለቃው ለገንፎ የተሰለፉትን ሕፃናት አየና፣ አምላኬ ሆይ፣ መስጠም ይሁን አለ በልቡ።

መጀመሪያ የክበቡን ዘበኛ አዘዘን ጠየቀ።

«ጧት አይተሃቸዋል?»

«አየኋቸው እንጂ ጌታዬ! አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው አለፉ። ‹ምነው ጋሼ፣ ጥርስዎን ነው ወይስ ገንፏችን ሸተተዎት?› አልኋቸው። በዓይናቸው ብቻ ሳቁብኝ።»

የክበቡ ነርስ የሺመቤት ግን በቁጣ ተናገረች። «ረኃብተኞቹን ካድሬዎቹ ለሰፈራ ሊጭኗቸው ነው። ምክትላችን አበራ እያወቀ ደበቀን! ትናንት መምህር ደርሰውበት ‹ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ይበተኑ› አሉ። ተጣሉ። አሁን ይኸው፣ ሬሳው ሳይቀበር ወንበራቸው ላይ ጉብ ብሏል!»

አበራ ረጋ ብሎ መለሰ። «ዛሬ ጧት ሐይቁ ዳር ተገናኘን። ‹ገላዬን ታጥቤ ልምጣ› አሉኝ። እሑድ እሑድ ይዋኙ የለ?»

«እንዲህ ነው ያሉት?»

«ከአፋቸው እንደ ወጣ።»

ገብረ ኪዳን ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ተመለሰ። ሦስቱንም እሳት ላይ በተጣደው የገንፎ ድስት አጠገብ ሰበሰባቸው።

«አዘዘ፣ ያየኸው የጥርስ ሕመም አይደለም። የቆረበ ሰው ዝንብ እንዳይገባበት አፉን ይሸፍናል። ቄሱን ጠየቅሁ፤ መምህር ዛሬ ቆርበዋል። ካድሬው እንዳይሰማ ለማንም አይናገሩም ነበር። ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው ደግሞ በዚያ ቀን ገላውን አይታጠብም፤ እንኳን ሊዋኝ ጫማውን አያወልቅም። ስለዚህ ልብሳቸውን ያወለቀላቸው ሌላ ሰው ነው። ‹ታጥቤ ልምጣ› ሲሉ ሰማሁ ያሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ አበራ።»

የአበራ ፊት አመድ መሰለ። «ቆርበው ነበር?» አለ። ቀጥሎም፣ «ገፋኋቸው... ድንጋይ ላይ ወደቁ። ሰዎቹን ካስረከብሁ ክበቡን አይዘጉትም ብለውኝ ነበር። ሊያስመልጧቸው ሲሄዱ...» አለ።

ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። እሳቱ ላይ ውኃ አስቸለሰ፤ ክበቡንም አሸገ።

«ምን ነበር ዝም ብትል፣ ወንድሜ?» አለችው የሺመቤት ሃምሳ አለቃውን።

«የመምህርስ ደም?» አለ ገብረ ኪዳን። አንገቱን ደፍቶ አበራን አሰረ።

እነሱ ጣቢያ ሳይደርሱ የሰፈራው የጭነት መኪኖች መጡ። ረኃብተኞቹም እህል ወዳለበት የሚወስዷቸው መስሏቸው፣ እየተጋፉ ተሳፈሩ።