አዲሱ ቁጥር ስንት ነው?

«ዳንቴሉን ግለጪና የትኛው መብራት እንደበራ ንገሪኝ» አላት ታላቅ ወንድሟ መክብብ በስልክ።

ሶሲ እናቷ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ከራውተሩ ላይ አነሳች። በእነሱ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ነው የሚኖሩት።

«ሁሉም አረንጓዴ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው ቪፒኤኑ አላስገባ ያለኝ? እማዬ ነቅላው ነበር እንዴ? አዲሱ ቁጥር ስንት ነው?»

ይህን ጥያቄ ሶሲ በቃሏ ታውቀዋለች። ዳሞታ ተራራ ጉም ከለበሰ፣ ሶዶ ላይ መብረቅ ሳይጮህ፣ እናቷ ወይዘሮ ፈጠነች የቤቱን ሶኬት ሁሉ ትነቅላለች። መብራት ከጠፋም «ሲመጣ እንዳያቃጥለው!» ብላ ትነቅላለች። ራውተሩ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ደግሞ የኢንተርኔት አድራሻው ይቀየራል። መክብብ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ እቤት ያለውን ትልቁን ኮምፒዩተር የሚከፍተው በዚያ ቁጥር ነው። ቪፒኤን የሚሉት እንደ ጓሮ በር ያለ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ብቻ የሆነ መንገድ ነው። ቁጥሩ ሲቀየር በሩ ይጠፋበታል፤ ያኔ ይደውላል።

የሚደውለውም ያኔ ብቻ ነው።

ሲሄድ «በየቀኑ እደውላለሁ» ብሏት ነበር። ለጥቂት ሳምንት ደወለ፤ ከዚያ ግቢ ግቢ ነው፣ ረሳት። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባል የለ? እናቷ ቦዲቲ ከተማ ሠርታ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። አባቷ አቶ አድነው ደግሞ ቤሌ ከተማ አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ የሚመጣው ለበዓል ነው። ሶሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ራሷ ከፍታ፣ ምሳዋን ራሷ አሙቃ፣ ከማንም ጋር ሳታወራ ትውላለች። ብቸኝነቱ በጣም ከብዷታል። ራሷ እንዳትደውል ደግሞ ኩራት እራቷ ነው። ቃል የገባው እሱ፣ የሚደውለውም እሱ!

ዛሬ ዳሞታ ላይ ጉም የለም። መብራትም አልጠፋም። ከምሳ በኋላ ራውተሩን ነቅላ የሰካችው ራሷ ሶሲ ናት።

«ቁጥሩን ተይው፣ መላ አግኝቻለሁ» አለ መክብብ። «በቴሌግራም ስምና የይለፍ ቃል ልኬልሻለሁ። የራውተሩን ገጽ ከፍተሽ አስገቢው። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ሲቀየር ራውተሩ ራሱ ለዚያ ስም ይነግረዋል፣ እኔም በስሙ ብቻ እንዲገባ ቁልፌን ቀይሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ በቁጥር አይከፍትም። ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

«አስቸግረኸኝ አታውቅም» አለች ቶሎ ብላ።

ገጹን ከፈተች። ስሙን በትክክል ጻፈች። የይለፍ ቃሉን ስትጽፍ የመጨረሻዋን ፊደል ተወቻትና አስቀምጥ የሚለውን ተጫነች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«አልሆነም ይላል።»

«አቦ! እስቲ እንደገና።»

እንደገና ሞከሩ። ፊደሏን እንደገና ተወቻት። መክብብ ራውተሩን አጥፍታ እንድታበራው አደረጋት፤ እስኪነሳ ድረስ የዶርም ጓደኛው በድሉ እንዴት እንደሚያንኮራፋ በድምፁ አስመስሎ አሰማት። ሶሲ እንደዚያ ከሳቀች ቆይታለች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ።

«አሁንም አልሆነም፣ መኬ።»

«ነገ ጠዋት ነው ፕሮጀክቱን የማስገባው» አለ። ድምፁ ተቀይሯል። «ሥራዬ ሁሉ እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ነው ያለው። አሁን መናኸሪያ ብሮጥም አልደርስም። በድሉ እንኳን ጨርሷል፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። አባዬን ምን እለዋለሁ፣ ሶሲ?»

እንዲህ ሲሆን ሰምታው አታውቅም። ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ቆየ። ይህቺን ፊደል ከጻፈቻት ስልኩ ዳግመኛ ላይጮህ ይችላል።

ጻፈቻት።

«ሞክር» አለች።

«ገባሁ! ገባሁ እኮ! አንቺ ልጅ ነፍስ ነሽ!» ጮኸና ስልኩ ተዘጋ። እንዴት ነሽ እንኳን አላላትም። ቤቱ ጭር አለ። ሶሲ ሶኬቱን አየችው። አሁን ብትነቅለውም የሚደውል የለም። ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችውና አለቀሰች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ዩኒፎርሟን እንኳን ሳታወልቅ ስልኳን አነሳች። የወንድሟን ስም አወጣች፣ መልሳ ዘጋችው፣ እንደገና አወጣች። ከዚያ ደወለች።

«ሶሲ?» አለ መክብብ ደንገጥ ብሎ። ከጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «አስገብቻለሁ፣ አልነገርኩሽም ለካ! ምነው፣ ምን ተበላሸ? ራውተሩ ነው?»

«ምንም አልተበላሸም» አለች። «ትናንት ራውተሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የይለፍ ቃሉንም አውቄ ነው ያጎደልኩት። እንድትደውል ብዬ ነው።»

ከጀርባው አንዱ «መክብብ!» ብሎ ጠራው።

«ዛሬ ግን ምንም ሳይበላሽ ነው የደወልኩት» አለች።

በር ሲዘጋ ተሰማ፣ ጫጫታውም ራቀ።

«እሺ» አለ መክብብ ቀስ ብሎ። «ወጥቻለሁ። ንገሪኝ።»

ሶሲ ሶኬቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።