በፈዋዝ እጅ የተጻፈው ግጥም

የቀናሁት በሴትየዋ ነበር ወይስ በግጥሙ? አገሬ ከገባሁ ይኸው ስንት ዓመቴ፤ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁለትም።

በ1996 ሚኒያፖሊስ ተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲዋርድ ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለስደተኞች እንግሊዝኛ የምታስተምር ሴት አግዛለሁ። በዚያ ወቅት ትምህርቱ ግጥም ነበር። አስተማሪዋ የአሜሪካ ገጣሚዎችን ፎቶ ግድግዳው ላይ ደርድራለች። እኔ ደግሞ ለአገሬ ልጆች ስንኝ ምን እንደሆነ፣ ሰውኛ ዘይቤ ምን እንደሆነ አስረዳለሁ። ግጥም ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው ገጣሚው ራሱ ላይሆን ይችላል ብዬም ደጋግሜ ተናግሬያለሁ።

ፈዋዝን ያገኘሁት እዚያ ነው። የደሴ ልጅ፣ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆራጭ።

«ያ ጺማሙ ሰውዬ የሰፈራችንን ሼህ ይመስላል» አለኝ አንድ ቀን ወደ ፎቶዎቹ እያየ። «ግጥሙ ግን ቤት አይመታም።»

«እዚህ አገር ቤት መምታት ግዴታ አይደለም።»

«እንግዲያው እኔንም አታስጨንቂኝ፣ ሰኢዳ።»

ሳቅሁ። እሱ ሳይስቅ አየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሸኘኝ ጀመር፤ በረዶው እንዳያንሸራትተኝ የኮቴን እጅጌ ይዞ። በመጋቢት ሆፕኪንስ ወደሚኖረው አጎቴ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። ቀጠሮው ለእሁድ ተያዘ።

በዋዜማው ቅዳሜ የተማሪዎቹ ግጥሞች ተነበቡ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ግጥሙ ያለ ስም ተባዝቶ ይታደላል፤ ሌላው አስተያየቱን እስኪጨርስ ገጣሚው ትንፍሽ አይልም። ኮፒ የማደርገው እኔ ነበርኩና በአንዱ ወረቀት ላይ የፈዋዝን የእጅ ጽሑፍ ለየሁት።

ግጥሙ ውስጥ አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት ይናገራል። በእንፋሎቱ ውስጥ ፊትሽ አይታየኝም፣ ትከሻሽን ግን አውቀዋለሁ ይላታል። የማታውቂያቸውን ሰዎች አንሶላ ስታጥፊ ዋልሽ፤ እጄ ቢደርስ ወንበር አቀብልሽ ነበር።

ከክፍሉ ውስጥ ሆቴል ላውንደሪ የምትሠራው አያንቱ ብቻ ነበረች፤ ረጅም፣ ቆንጆ፣ ኦሮምኛ ለዛ ባለው አማርኛዋ ሁሉን የምታስቅ። ፈዋዝ ለኔ አንድ ስንኝ ጽፎልኝ አያውቅም።

ተራዬ ሲደርስ የማውቀውን ቃል ሁሉ ሰበሰብኩ።

«ዘይቤው የተሰለቸ ነው» አልኩ። «ምት የለውም። ስንኞቹ ያለ ምክንያት ይቆረጣሉ። ደግሞስ ወንበር ማቀበል ፍቅር ነው እንዴ?»

ፈዋዝ ቀና ብሎ አየኝ። አያንቱ አንገቷን ደፋች። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

«ግጥምህ ያምራል» አልኩት ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንሄድ።

«የኔ አይደለም።»

«የእጅ ጽሑፍህን አላውቀውም?»

«ጽሑፉ የኔ ነው። ግጥሙ የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«ሳልጠይቃት አልናገርም። አደራ ብላኛለች።»

«ብላኛለች! ስሟን መጥራት ብቻ ቀረህ።»

«ሰኢዳ፣ እመኚኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ…»

«ነገ ማንም እንዳይመጣ።»

የኮቴን እጅጌ ለቀቀ።

ቤት እንደገባሁ አጎቴ ጋ ደውዬ ነገሩ ቀርቷል አልኩት። ፈዋዝ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ወደ ክፍል አልተመለሰም። ሲያትል ሄዷል ሲባል ሰማሁ።

በአምስተኛው ሳምንት አያንቱ ያንኑ ወረቀት ይዛ ፊቴ ቁጭ አለች።

«በይ አስተካክይልኝ» አለች። «ምት የለውም ብለሻል፤ ምት አግቢበት። ለባሌ ልልከው ነው።»

«ለማን?»

«ለባሌ ነዋ! ነቀምት ያለው። ሥራ ላይ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር ብዬ በሱ አፍ ተናገርኩት። እኔ እንግሊዝኛውን አወራለሁ እንጂ መጻፍ የት አውቄ? ፈዋዝ ነው እየሰማ የጻፈልኝ። አፍሬ ለማንም እንዳትናገር ብዬ አስምዬዋለሁ። ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

እኔ ልጅ ሆኜ መጻፍ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን የናፍቆት ደብዳቤ ስጽፍ ያደግሁ ነኝ። አንድም ቀን ናፍቆቱ የኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

«ምንም አይነካ» አልኳት።

«ወንበሩስ?»

«ወንበሩማ በተለይ።»

ከፈዋዝ ጋር ይኖር ከነበረው ከቡርሃን የሲያትል ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩ። ስደውል ያነሳው መልእክት መቀበያ ማሽኑ ነው፤ በፈዋዝ ድምፅ በእንግሊዝኛ መልእክት ተዉ አለና ጮኸ።

«ፈዋዝ፣ ሰኢዳ ነኝ። አያንቱ ነገረችኝ። ቀንቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሽማግሌዎቹን ብትልክ አጎቴን እኔ አናግረዋለሁ። እስከ ሰኔ መጨረሻ እዚሁ ቁጥር ላይ ነኝ።»

ሰኔ አለቀ። ወደ አገሬ ለመመለስ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ስልኩ የጠራ መስሎኝ ከደረጃው ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። የጎረቤት ስልክ ነበር።