አራቱም እውነት ይመስሉኛል

ኢልሀም ጓደኛ የሚኖራት ፈተና ሲደርስ ብቻ ነበር።

ምርጫ ጥያቄ ላይ በሐይቅ ከተማ የሚያህላት ተማሪ አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ሳለች አንዲት ልጅ «ጆሮሽን ስትነኪ ኤ፣ አፍንጫሽን ስትነኪ ቢ ይሁን» አለቻት። አገጭ ሲ፣ ግንባር ዲ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፈተና በመጣ ቁጥር ዙሪያዋ በሰው ይሞላል፤ ማስቲካ ይገዛላታል፤ «ኢሉ» እየተባለች ትቆላመጣለች። ፈተናው ባለቀ ማግስት ግን በረፍት ሰዓት ግንቡን ተደግፋ ብቻዋን ትቆማለች።

አባቷ ሞቷል። እናቷ ዓረብ አገር ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ገበያ ላይ ጨርቅ ከምትሸጠው አክስቷ ከሀዲያ ጋር ሲሆን፣ አክስቷ ደግ ብትሆንም ማታ ደክሟት ስትገባ ለወሬ የሚሆን ጉልበት አይተርፋትም። እናም ኢልሀም ጆሮዋንና አፍንጫዋን መንካቱን አልተወችም። ለግማሽ ቀን መፈለግም ጨርሶ ከመረሳት ይሻላል ብላ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ጠሃ የሚባል ልጅ ከውጫሌ ተዛውሮ መጣ። ያረፈው ሐይቁ ላይ ዓሣ በሚያጠምደው አጎቱ በዘይኑልአቢዲን ቤት ነበር። ረጅም፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ልጅ ነው። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ከኢልሀም ጎን ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ፈተና እጇ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ የሁሉም ዓይን ተከተላት። ጠሃ ብቻ ጀርባውን ሰጥቷት ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። ውጤቱ ሲመለስ ከሠላሳው ጥያቄ ዘጠኝ ብቻ አግኝቷል። በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ለምንድን ነው የማታየኝ?»

«አንቺን ካየሁማ ጥያቄውን እረሳዋለሁ» አለና፣ ያለው ነገር ወዲያው ስለገባው አንገቱን ደፋ። «ግን እንዴት ነው የምታውቂው? እኔ አራቱም እውነት ይመስሉኛል። ኤን ሳነበው አምነዋለሁ፤ ቢን ሳነበው ደሞ እሱንም አምነዋለሁ።»

ኢልሀም ሳቀች። ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

«መልሱን ልንገርህ?»

«መልሱን ምን አደርገዋለሁ? አሠራሩን አሳይኝ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ይገናኙ ጀመር። አጎቱ ፈንጠር ብሎ መረቡን ሲጠግን እነሱ ደብተር ዘርግተው ይቀመጣሉ።

«ምርጫዎቹን በመዳፍህ ሸፍናቸው» ትለዋለች። «መጀመሪያ ጥያቄውን ብቻ አንብበህ የራስህን መልስ ያዝ። ከዚያ መዳፍህን አንሳ። የማይሆነውን አንድ በአንድ ሰርዝ። ‹ሁልጊዜ› እና ‹ፈጽሞ› የሚል ምርጫ ካየህ ጠርጥረው።»

ጠሃ እርሳሱን አስቀመጠ። «ሰው ‹ሁልጊዜ እወድሻለሁ› ቢልሽ ትጠረጥሪዋለሽ?»

አንዲት ታንኳ ከፊታቸው አለፈች። ኢልሀም ታንኳይቱ ከዓይን እስክትርቅ ድረስ ተመለከተቻት።

«ስንተኛው ጥያቄ ላይ ነን?» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ግን የራሷ አልመስል አላት።

በሞዴል ፈተና ጠሃ ከመቶ ሰባ አንድ አመጣ። መምህር እንየው ሁለቱንም ቢሮ አስጠራቸው።

«ከሠላሳ ዘጠኝ ያመጣ ልጅ ዛሬ ሰባ አንድ? ያውም ካንቺ ጎን ተቀምጦ? ጆሮ እየነካሽ የምታደርጊውን የማላውቅ መስሎሻል? ሰጥተሽዋል ወይስ አልሰጠሽውም?»

«አልሰጠሁትም» ካለች ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ለማን ነው የምትሰጪው?» እንደሚሆን ታውቃለች። በመስኮቱ በኩል መልስ የምትሰጣቸው ስድስቱ ልጆች ቆመው ያዩዋታል። ኢልሀም አቀረቀረች። ጠሃ ወደሷ ዞሮ ጠበቃት። ብዙ ጠበቃት።

«ገባኝ» አለና ወጣ።

ዜሮ ተሰጠው። በማግሥቱ አባቱ አብደላ ከውጫሌ መጥተው «እኔ ለስርቆት አይደለም የላክሁህ» ብለው ከነሻንጣው ይዘውት ሄዱ።

ቅዳሜ ኢልሀም እግሯ ሐይቁ ዳር አደረሳት። ዘይኑልአቢዲን ከመረቡ ቀና ሳይል «በመሀላችሁ የሆነውን አልጠይቅሽም» አላት። «ግን ልጁ እህል አልቀምስ ብሎን ነው የሄደው።»

ሰኞ ጠዋት ሳትጠራ ቢሮ ገባች። «ቲቸር፣ ስድስት ናቸው። ስማቸውን እነሱው ይንገሩህ። ጠሃ ግን የለበትም፤ በራሱ ነው የሠራው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የሷም ውጤት ተሰረዘ። አክስቷ ተጠርታ መጣች። ስድስቱ ልጆች ዓይናቸውን ነፈጓት፤ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። የማትሪክ ወር ሲገባ «ኢሉ» ብሎ የሚጠራት አንድም ሰው አልነበረም።

በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ውጫሌ ወረደች። ጠሃን ያገኘችው የአባቱን የማሽላ ጆንያ ሲያስር ነው።

«ቲቸር እንየው ዜሮህን ሰርዞታል» አለችው።

«ሰምቻለሁ። ደውሎ አባቴን ይቅርታ ጠይቆታል።»

«አውፍ በለኝ፣ ጠሃ።»

ገመዱን አጥብቆ ቋጠረው። «ዜሮው አይደለም ያመመኝ። ዝም ስትዪ፣ እኔንም እንደነሱ መልስ ፈልጎ የተጠጋኝ አርጋ ነው የያዘችኝ አልኩ።»

«ወላሂ አይደለም! ፈርቼ ነው። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።»

«እሺ?»

«ይኸው፣ ቀረሁ።»

ጠሃ ጆንያውን ትቶ ተነሳ። እስከ መናኸሪያው ሸኛት፤ መኪናው ሲነሳ «አብሽሪ፣ አንብቢ» አላት እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። ወደ ሐይቅም አልተመለሰም፤ እዚያው ሆኖ አጠና። ለፈተናው ደሴ ያለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲያስገቧቸው ከወንዶቹ ሰልፍ ውስጥ እጁን ሲያነሳ አየችው። የሷን ሳታነሳ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ውጤት የተለቀቀ ዕለት ስልኳ ከጠዋት ጀምሮ ጮኸ። «ስንት?» ይላል ጎረቤቱ። «ስንት?» ይላል ዘመዱ። ከስድስቱ ሁለቱ ሳይቀሩ «ስንት?» ብለው ጻፉላት። አምስት መቶ አርባ አንድ። እናቷ ከባሕር ማዶ አልቅሳ መረቀቻት፤ ሥራ ላይ ስለነበረች ግን ቶሎ ዘጋች። አክስቷ እልል ብላ ገበያውን ልታበስር ሄደች። ከዚያ ቤቱ ጭር አለ። ኢልሀም ቁጥሩን ደጋግማ እያየች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ስልኩ እንደገና ጠራ። ጠሃ ነበር።

«ኢልሀም፣ ማን አለ ከጎንሽ?»

ኢልሀም ባዶውን ቤት ቃኘች። «ማንም» አለች እንደምንም።

«መኪና ውስጥ ነኝ። ውጫሌን ለቅቄያለሁ። ደጃፉ ላይ ጠብቂኝ።»

ከባጃጅ ሲወርድ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል። ትንሽ ርቀው ቆመው ተያዩ።

«ስንት እንዳመጣሁ አትጠይቀኝም?»

«የመጣሁት ላይሽ ነው።»

«አንተስ?»

«ሦስት መቶ ስምንት። አለፍኩ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ኢልሀም ለራሷ ውጤት ያልጮኸችውን ለሱ ጮኸች፤ ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ። ምድባቸው ሲመጣ አንዱ ሰሜን አንዱ ደቡብ ሊጣሉ እንደሚችሉ ሁለቱም ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ስለዚያ ያነሳ የለም።

አክስቷ አመሻሽ ላይ ጥቅሏን ተሸክማ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ይሄ ማነው?»

ጠሃ ደንግጦ ተነሳ። ኢልሀም ግን አላቀረቀረችም። «ጠሃ ነው፣ አክስቴ» አለች። «የምወደው ልጅ ነው። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣበት በኔ ነው።» ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምራ አንድም ሳታስቀር ትተርክ ጀመር።

ሀዲያ የእህቷ ልጅ ይህን ያህል ስታወራ ሰምታ አታውቅም ነበር። ጥቅሏን አወረደችና እዚያው አጠገባቸው ቁጭ አለች።